ቅርንጫፉ ብቻውን ይነሣ፦ ሊኑክስንና ኩበርኔቲስን ከክላውድ እስከ ቅርንጫፍ ማስኬድ

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማ ደንበኛ የለም። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሠራተኛዋም ቦታዋ ላይ ናት፤ ሥራውን የሚያስኬደው ሰርቨር ግን በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ነው፤ ወደ እሱ የሚወስደው መስመር ተቋርጧል። ወረፋው ይረዝማል፤ ደንበኛው ትቶ ይሄዳል። የዚህ መመሪያ ዓላማ ቅርንጫፍ ውስጥ በሚቀመጥ አነስተኛ ሰርቨር አማካይነት ይህን ማስቀረት ነው። ባለሙያዎች «ኤጅ» የሚሉት ይህንኑ አሠራር ነው፦ ሥራው ደንበኛው ባለበት ቦታ ይካሄዳል፤ ክላውዱ ደግሞ ያስተባብራል።

አሠራሩ በተግባር የተፈተነ ነው። በአሜሪካ ቺክ-ፊል-ኤ የተባለው የምግብ ቤት ሰንሰለት በየምግብ ቤቱ ሦስት ትንንሽ የኢንቴል ኤንዩሲ ኮምፒውተሮችን አስቀምጦ ኩበርኔቲስን ያስኬድባቸዋል። ምግብ ቤቶቹ ከ2,000 በላይ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክላስተር አላቸው።

ጽሑፉ የተዘጋጀው ሊኑክስን ለሚያስተዳድሩና ኩበርኔቲስን ቢያንስ ለሞከሩ ባለሙያዎች ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ አዳማ፣ ሐዋሳና ደሴ የሆኑ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት አለ እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚገዙት በአንድ ደንብ ነው፦ መብራት ጠፍቶ፣ መስመርም ተቋርጦ እያለ መብራቱ ብቻ ቢመለስ፣ ቅርንጫፉ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ ሥራ መጀመር አለበት። አንድ ውሳኔ ሲያስቸግርዎ ከዚህ ደንብ ጋር ያስተያዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ለየቅርንጫፉ የራሱን ክላስተር ይስጡ

ሁሉንም በአንድ ክላስተር ማስተዳደር ያጓጓል። ኮንትሮል ፕሌኑ ክላውድ ላይ ሆኖ የየቅርንጫፉ ሰርቨር እንደ ኖድ ቢቀላቀል ሁሉም ነገር በአንድ ስክሪን ይታያል። ነገር ግን የአዳማው መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በቅርበት እንመልከት።

በኖዱ ላይ ያለው ኩብሌት በየ10 ሰከንዱ መኖሩን ለኮንትሮል ፕሌኑ ያሳውቃል። ይህ ምልክት ከጠፋ እንደ ኩበርኔቲሱ ቨርዥን ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ኖዱ «ዝግጁ አይደለም» ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ኮንትሮል ፕሌኑ 5 ደቂቃ ይታገሣል። 5 ደቂቃው ሲያልፍ በዚያ ኖድ ላይ ያሉት ፖዶች እንዲሰረዙ ይወስንና ምትካቸውን ሌላ ቦታ ያስነሣል። የአዳማው የሽያጭ ፕሮግራም አዳማ ያለውን ፕሪንተር ፈጽሞ በማያገኝበት ክላውድ ላይ ይነሣል ማለት ነው። አዳማ የቀሩት ፖዶች ለጊዜው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ግን ኩብሌቱ የስረዛው ትእዛዝ ይደርሰውና ያጠፋቸዋል።

ከባዱ ግን መብራትና መስመር አብረው ሲሄዱ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ኩብሌቱ የትኞቹን ፖዶች ማስነሣት እንዳለበት የሚያውቀው ከኮንትሮል ፕሌኑ ጠይቆ ነው። መስመር ከሌለ መልስ የለም። ማሽኑ በርቷል፤ ፕሮግራሙም ዲስኩ ላይ አለ፤ የሚያስነሣው ግን የለም። ጠዋት ሱቁን ለመክፈት ቁልፉ በእጁ እያለ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ እንደሚጠብቅ ሠራተኛ ነው።

ኮንትሮል ፕሌኑን ራሱን በከተሞች መካከል መዘርጋትም አያዋጣም። የክላስተሩን መዝገብ የሚይዘው ኢቲሲዲ አባሎቹ እርስ በርስ በየ100 ሚሊሰከንዱ እንዲሰማሙ፣ ለ1,000 ሚሊሰከንድ ከተጠፋፉም አዲስ መሪ እንዲመርጡ ሆኖ ነው ከመነሻው የሚመጣው። በተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ ላይ ይህ የማያቋርጥ የመሪ ምርጫ ይሆናል።

ስለዚህ አዳማ፣ ሐዋሳና ደሴ ሦስት የተለያዩ ክላስተሮች ይሁኑ። ክላውዱ ላይ የሚቀመጡት የሁሉም መመሪያ ያለበት ጊት፣ የኢሜጅ ማከማቻው፣ የክትትል ሰሌዳው፣ ባክአፑና ማዕከላዊው ዳታቤዝ ናቸው። እነዚህ ለሰዓታት ቢጠፉ ቅርንጫፉ አይቆምም።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ግን ያስቡ። ቅርንጫፉ ላይ ሙሉ ክላስተር መሸከም የማይችሉ በጣም ትንንሽ መሣሪያዎች ብዙ ከሆኑ ኩብኤጅን ይመልከቱ፤ የተመደበለትን ሥራ መዝገብ በመሣሪያው ላይ ስለሚያስቀምጥ ያለ መስመር ፖዶቹን መልሶ ማስነሣት ይችላል። በሌላ በኩል በቅርንጫፉ የሚሠራው ፕሮግራም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ቅርንጫፎቹም ሁለት ሦስት ከሆኑ ኩበርኔቲስ አያስፈልግዎትም፤ ሊኑክስ፣ ሲስተምዲና ፖድማን ይበቃሉ። ኩበርኔቲስ ዋጋውን የሚመልሰው ፕሮግራሞቹና ቅርንጫፎቹ ሲበዙ ነው።

ደረጃ 2፦ ማሽኑንና ሊኑክሱን ያዘጋጁ

ለአንድ ቅርንጫፍ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ሚኒ ኮምፒውተር ጥሩ መነሻ ነው። በሚቀጥለው ደረጃ የምንጭነው ኬ3ኤስ ራሱ ለዋናው ሰርቨር ቢያንስ 2 ኮርና 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል፤ የቀረው ለእርስዎ ፕሮግራሞችና ለዳታቤዙ ነው። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ኤስዲ ካርድ የዳታቤዝን የማያባራ ጽሕፈት አይችልም፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም በቀላሉ ይበላሻል።

ማሽኑ እንደደረሰ ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ይግቡና ኃይል ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ይክፈቱ። ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ «ጠፍቶ ይቆይ» በሚለው ላይ ነው የሚመጣው። እንዲያ ከቀረ የሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ የቅርንጫፉ ጥበቃ ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቃሉ። ማሽኑን፣ ስዊቹንና ራውተሩን በአንድ ዩፒኤስ ላይ ያድርጓቸው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አገናኝተው ኤንዩቲ የተባለውን ፕሮግራም ይጫኑ።

ለሊኑክሱ የኡቡንቱ ሰርቨር ኤልቲኤስ ወይም ዴቢያን ይምረጡ። ሁለቱም ለ5 ዓመት ያህል የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ፤ ለችግር ጊዜ የሚጠየቅ ሰውም በቀላሉ ይገኛል። ቅርንጫፎቹ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሲሆኑ ታሎስ ሊኑክስን ወይም ፍላትካርን የመሳሰሉ፣ ሥርዓቱ ለንባብ ብቻ ተቆልፎ የሚመጣ ሊኑክሶችን መመልከት ይጠቅማል። ከተጫነ በኋላ እነዚህን ያድርጉ፦

የማሽኑን አድራሻ ቋሚ አድርገው ይጻፉ፤ ጌትዌዩም ይጻፍ። ኬ3ኤስ ሲነሣ የማሽኑን አድራሻ የሚለየው በዲፎልት መንገዱ ነው። አድራሻውን ከራውተር የሚጠብቅ ማሽን ራውተሩ ከዘገየ ወይም ከሞተ ክላስተሩን ማስነሣት ያቅተዋል።

የሎግን መጠን ይገድቡ። በጆርናልዲ ማስተካከያ ላይ ጣሪያውን 500 ሜጋባይት ማድረግ ለአንድ ቅርንጫፍ ይበቃል። ዲስክ በሎግ ሞልቶ የሚቆም ሰርቨር የማይቀር የሚመስል፣ ግን በአንድ መስመር ጽሑፍ የሚቀር ችግር ነው።

ዎችዶጉን ይክፈቱ። ሲስተምዲ ለማሽኑ የዎችዶግ ሰዓት ቆጣሪ በየጊዜው ምልክት እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ሊኑክሱ ሙሉ በሙሉ ከተንጠለጠለ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ይህ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከመንዳት ያድናል።

ሰዓቱን ይጠብቁ። ክሮኒን ይጫኑና ቢያንስ ሁለት የሰዓት ምንጭ ይስጡት። የኩበርኔቲስ አካላት እርስ በርስ የሚተዋወቁት ቀን በተጻፈበት ሰርተፊኬት ነው። የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ሰርተፊኬቱ «ገና አልጀመረም» ተብሎ ውድቅ ይደረጋል። ሚኒ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ የሰዓት ባትሪ አላቸው። ራስበሪ ፓይ 4 ግን የለውም፤ ራስበሪ ፓይ 5 ሰዓቱ ቢኖረውም ባትሪው ለብቻው የሚገዛ ነው። ፓይ የሚጠቀሙ ከሆነ ያንን ባትሪ አይርሱ።

ደረጃ 3፦ ኬ3ኤስን ይጫኑ

ኬ3ኤስ ራንቸር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ አሁን በክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ሥር ያለ ኩበርኔቲስ ነው። የተለየ ኩበርኔቲስ አይደለም፤ ትእዛዙም ፋይሉም ክላውድ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ሁሉም ነገር ከ100 ሜጋባይት በማይበልጥ አንድ ፋይል መጠቅለሉና በአንድ ማሽን ላይ ሲሆን ከኢቲሲዲ ይልቅ ቀላሉን ኤስኪውላይት ዳታቤዝ መጠቀሙ ነው።

ሲጭኑ ቨርዥኑን ለይተው ይግለጹ። «የቅርብ ጊዜውን አምጣ» ካሉት አዳማ ላይ ዛሬ፣ ደሴ ላይ ከወር በኋላ የሚጭኑት ሁለት የተለያዩ ክላስተሮች ይሆኑብዎታል። ምርጫዎቹንም በትእዛዝ መስመር ላይ ከመደርደር ይልቅ በኬ3ኤስ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ይጻፏቸውና ፋይሉን ጊት ውስጥ ያስቀምጡት። በፋይሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይኑሩ፦ የሚስጥር ቃላት ዲስክ ላይ ተመስጥረው እንዲቀመጡ የሚያደርገው ምርጫ፣ በቪፒኤን የሚደርሱበት አድራሻ በሰርተፊኬቱ ላይ እንዲካተት የሚያደርገው ምርጫ፣ የማይጠቀሙበትን ተጨማሪ ክፍል የሚዘጋው ምርጫ። ለምሳሌ ከኬ3ኤስ ጋር የሚመጣውን «ትራፊክ» የተባለውን ፕሮግራም የማይጠቀሙበት ከሆነ ይዝጉት።

ራስበሪ ፓይ ላይ ከሆኑ የሜሞሪ ቁጥጥሩ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ካልተከፈተ ኬ3ኤስ አይነሣም።

ቅርንጫፉ ሥራው ለደቂቃ እንኳ የማይቆም ከሆነ ሦስት ማሽን አድርገው ኬ3ኤስን ከውስጡ ካለው ኢቲሲዲ ጋር ያስኬዱ። ሦስት አባል ያለው ኢቲሲዲ የአንዱን መጥፋት ይችላል። ሁለት ማሽን ግን ከአንድ አይሻልም፤ አንዱ ሲጠፋ የቀረው ብቻውን አብላጫ ድምፅ ስለማይሆን ክላስተሩ ይቆማል። ወይ አንድ፣ ወይ ሦስት።

ደረጃ 4፦ ኢሜጁ ቅርንጫፉ ላይ ይደር

ክላስተሩ ተነሥቶ ኢሜጁ ከሌለ ሥራ የለም። ሁለት ጥንቃቄ ያድርጉ።

መጀመሪያ፣ «ሌተስት» የሚለውን መለያ ይተዉ። ኩበርኔቲስ ይህ መለያ ያለበትን ኢሜጅ ፖዱ በተነሣ ቁጥር ከማከማቻው ሊያረጋግጥ ይሄዳል። ኢሜጁ ዲስኩ ላይ እያለ እንኳ መስመር ከሌለ ፖዱ አይነሣም። ለእያንዳንዱ ኢሜጅ የቨርዥን ቁጥር ይስጡና የማውረጃ ደንቡን «ከሌለ ብቻ አምጣ» በሚለው ላይ ያድርጉት።

ሁለተኛ፣ ዋና ዋና ኢሜጆችን በታር ፋይል አድርገው በኬ3ኤስ የኢሜጅ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ፤ ኬ3ኤስ በተነሣ ቁጥር ከዚያ ያስገባቸዋል። ይህ የሚያስፈልገው ኩብሌት ዲስኩ 85 በመቶ ሲሞላ ሥራ ላይ ያልሆኑ ኢሜጆችን 80 በመቶ እስኪደርስ ስለሚያጸዳ ነው። ለምሳሌ ማታ ማታ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ኢሜጁ ቀን ላይ ሊጸዳ ይችላል።

ክላውዱ ላይ ባለ ኢንቴል ማሽን፣ ቅርንጫፉ ላይ ባለ አርም መሣሪያ የሚሠሩ ከሆነ ኢሜጁ ለሁለቱም መሠራት አለበት። የዶከር ቢልድኤክስ በአንድ ስም ሁለቱንም ያዘጋጃል። ኢሜጁንም ያሳንሱ፤ በደካማ መስመር ላይ 1 ጊጋባይት ማውረድና 60 ሜጋባይት ማውረድ የአንድ ቀንና የአንድ ሻይ ሰዓት ልዩነት አለው።

ደረጃ 5፦ መስመሩን ከቅርንጫፉ ወደ ክላውዱ ይክፈቱ

የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት የሚጠቀም ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም። ከውጭ ሆነው ሊያገኙት አይችሉም፤ እሱ ግን ወደ ውጭ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ያለው አንድ ሰርቨር ክላውድ ላይ ያዘጋጁና ቅርንጫፎቹ ዋየርጋርድ በተባለው ቪፒኤን ይደውሉለት። ዋየርጋርድ ከሊኑክስ ከርነል 5.6 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር ይመጣል። መስመሩ በመሃል እንዳይዘጋ በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ ያድርጉት።

አድራሻዎቹ እንዳይጋጩ መጀመሪያውኑ በወረቀት ያቅዱ። ኬ3ኤስ ከመነሻው ለፖዶች 10.42.0.0/16፣ ለሰርቪሶች 10.43.0.0/16 ይወስዳል። የቪፒኤኑና የየቅርንጫፉ ኔትወርክ ከእነዚህ ውጭ፣ እርስ በርሳቸውም የተለያዩ ይሁኑ።

አንድ ምልክት በተለይ ይወቁ፦ ፒንግ ይሠራል፣ ኤስኤስኤችም ይገባል፣ ትልቅ ፋይል ግን ጀምሮ ይንጠለጠላል። ይህ የፓኬት መጠን ችግር ነው። የዋየርጋርዱን ኤምቲዩ ከ1420 ወደ 1280 ዝቅ አድርገው ይሞክሩ።

የክላውዱን ቦታ ሲመርጡ በካርታ አይመኑ። የአማዞን ክላውድ በኬፕታውን፣ በባህሬንና በኤምሬትስ፣ የማይክሮሶፍትና የጉግል ደግሞ በጆሃንስበርግ ማዕከል አላቸው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 5,000 ኪሎ ሜትርን ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የኢትዮጵያ መስመር ደግሞ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ወጥቶ ስለሚዞር ከዚያ ይበልጣል። ከየቅርንጫፉ ሆነው ለአንድ ሳምንት ጠዋትም ማታም ይለኩ፤ ከዚያ ይወስኑ። የክላውድ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መሆኑን በማሰብም የአገር ውስጥ የዳታ ማዕከሎችን አብረው ያወዳድሩ። በዚህ አሠራር ክላውዱ የሚሸከመው የማስተባበሩን ሥራ ብቻ ስለሆነ የሚያስፈልግዎት ትልቅ ነገር አይደለም።

ደረጃ 6፦ ቅርንጫፉ መመሪያውን ራሱ ከጊት ይውሰድ

በየቅርንጫፉ እየገቡ ትእዛዝ መጻፍ በሦስት ቅርንጫፍ ያደክማል፤ በሠላሳ ቅርንጫፍ አይቻልም። የሚሻለው ጊትኦፕስ የሚባለው አሠራር ነው፦ እያንዳንዱ ክላስተር ምን መምሰል እንዳለበት ጊት ውስጥ ይጻፋል፤ በክላስተሩ ውስጥ ያለው ፍለክስ በየጥቂት ደቂቃው ጊቱን አይቶ ልዩነት ካለ ያስተካክላል። አርጎ ሲዲም ለዚሁ ሥራ የታወቀ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚተከለው ማዕከል ላይ ሆኖ ወደ ክላስተሮቹ እንዲገፋ ተደርጎ ነው፤ መስመሩ ለሚቆራረጥ ቅርንጫፍ ከውስጥ ሆኖ የሚስበው ይሻላል። መስመር ሲጠፋ ፍለክስ የመጨረሻውን መመሪያ ይዞ ይቆያል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጊቱን እንዲህ ይክፈሉት፦ ለሁሉም የጋራ የሆነው አንድ ፎልደር፣ ለየቅርንጫፉ የተለየው በቅርንጫፉ ስም አንዳንድ ፎልደር። በየቅርንጫፉ የሚለያዩት እንደ ፕሪንተር አድራሻና የቅርንጫፍ መለያ ያሉ ጥቂት ነገሮች ብቻ ሊሆኑ ይገባል። አዲስ ቨርዥን ሲያወጡ መጀመሪያ ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅርብ ለሆነው ለአዳማ ይስጡ። ሁለት የሥራ ቀን ይጠብቁ። ከዚያ ለሌሎቹ ያስተላልፉ።

የሚስጥር ቃል በግልጽ ጊት ውስጥ አይግባ። ሶፕስ በተባለው መሣሪያ አመስጥረው ያስገቡት፤ ፍለክስ ክላስተሩ ውስጥ ፈትቶ ይጠቀምበታል።

ደረጃ 7፦ ዳታው መጀመሪያ እዚያው ይጻፍ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ሐሳብ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ክላስተር ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፣ የጠፋ ሽያጭ ግን አይመለስም።

የሐዋሳው ሽያጭ መጀመሪያ ሐዋሳ ባለው ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ይጻፍ፤ ደረሰኙ ከዚያ ይውጣ። ወደ ማዕከል መላኩ ከዚህ በኋላ የሚመጣ የተለየ ሥራ ነው። ለመላኩ እንደ ናትስ ጄትስትሪም ያለ፣ መልእክቱን ዲስክ ላይ አኑሮ መስመር ሲገኝ የሚያስተላልፍ ወረፋ ይጠቀሙ። ከሴንሰሮች ለሚመጣ መረጃ ኤምኪውቲቲ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በሳተላይት የሚገናኙ የነዳጅ ቱቦዎችን ለመከታተል የተፈጠረ በመሆኑ ደካማ መስመር ተወልዶ ያደገበት ነው።

መስመር ሲቆራረጥ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የማይደገም መለያ ቁጥር ቅርንጫፉ ላይ ይሰጠው፤ ማዕከሉም ያንን ቁጥር ቀድሞ ካየው ዝም ብሎ ይለፈው። በተከታታይ ቁጥር የሚሄድ መለያ አይጠቀሙ፤ የአዳማውና የደሴው 1,001ኛ ሽያጭ ይጋጫሉ።

የፖስትግሬስን የራሱን ሎጂካል ሬፕሊኬሽን ከመረጡ አንድ አደጋ አለ። ተቀባዩ ሲጠፋ ፖስትግሬስ ያልተላከውን መዝገብ ሁሉ እየያዘ ይቆያል፤ መስመሩ ለቀናት ከጠፋ ዲስኩ ይሞላና ዳታቤዙ ራሱ ይቆማል። ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮ የሚያዘውን መጠን መገደብ ይቻላል። ይገድቡት። ገደቡ ካለፈ ማዕከሉን እንደገና ከመነሻው ማመሳሰል እንደሚኖርብዎት አውቀው ግን መጠኑን ሰፋ አድርገው ይስጡ።

የታካሚን ስምና የመድኃኒት ማዘዣ የመሰለ መረጃ ወደ ማዕከል የሚልኩ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይመልከቱ፤ በተለይ ክላውዱ ከአገር ውጭ ሲሆን። የማያስፈልገውን ከቅርንጫፉ ባለማውጣት ብዙውን ሥጋት ያስቀራሉ።

ደረጃ 8፦ ማሽኑ ቢሰረቅስ?

ክላውድ ላይ ያለ ሰርቨር በር አለው፣ ጥበቃም አለው። ቅርንጫፉ ላይ ያለው ግን በአንድ ከረጢት ይወጣል። ዲስኩን በሉክስ ያመስጥሩት። በተነሣ ቁጥር ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ብቻውን መነሣት አይችልም፤ ስለዚህ ቁልፉን ማሽኑ ውስጥ ካለው ቲፒኤም ቺፕ ጋር ያስተሳስሩት። ዲስኩ ከማሽኑ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢሰካ አይከፈትም፤ በቦታው ግን በራሱ ይነሣል። ማሽኑ ሙሉውን ቢወሰድም ባዮሱ በፓስወርድ የተቆለፈ፣ ሊኑክሱም በቁልፍ ብቻ የሚያስገባ ይሁን።

ኤስኤስኤች በፓስወርድ መግባትን ይከልክል፤ በቪፒኤኑ በኩል ብቻም ይድረሱበት። የኩበርኔቲሱ 6443 ፖርት ለውጭ ኢንተርኔት አይከፈት። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተለየ የዋየርጋርድ ቁልፍ፣ የተለየ የጊት ፈቃድ፣ የተለየ የሶፕስ ቁልፍ ይስጡ። የደሴው ማሽን ቢጠፋ የደሴን ቁልፎች ብቻ ሰርዘው ሌሊቱን ይተኛሉ።

ደረጃ 9፦ ዝምታን ይከታተሉ

በየቅርንጫፉ ፕሮሜቲየስን በኤጀንት መልኩ ያስኬዱና ልኬቶቹን ወደ ማዕከሉ ይላክ። መስመር ሲጠፋ ልኬቶቹን ዲስክ ላይ ይይዛል፤ ሆኖም ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ያልተላከው እየጠፋ ሊሄድ ይችላል። ለሒሳብ የሚያስፈልግ ቁጥር በዚህ መንገድ አይላክ፤ እሱ የዳታቤዙ ሥራ ነው። ልኬቱን በየ60 ሰከንዱ ማድረግና የማያዩትን መተው የኢንተርኔት ፍጆታውን በብዙ ይቀንሳል።

ችግር የደረሰበት ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ችግሩን መናገር አይችልም፤ ዝም ይላል። ስለዚህ ማንቂያው የሚደወለው ምልክት ሲቀር ይሁን። ለ10 ደቂቃ ዝም ካለ «መስመር የለም»፣ ለ4 ሰዓት ዝም ካለ «ይደወልላቸው» ብሎ ይለይ። ለቅርንጫፉ ሠራተኛም አንድ ገጽ ወረቀት ሰርቨሩ አጠገብ ይለጠፍ፦ የትኛው መብራት መብራት እንዳለበት፣ ምን መንካት እንደሌለበት፣ ለማን እንደሚደወል።

ደረጃ 10፦ ባክአፕና ማሻሻያ

ኤስኪውላይት የሚጠቀም ኬ3ኤስ ባክአፑ ቀላል ነው፦ ኬ3ኤሱን አቁመው የዳታቤዙን ፎልደርና ቶክን የተባለውን ፋይል ይቅዱ። ቶክኑ ከሌለ ባክአፑ አይጠቅምም። ባለ ኢቲሲዲ ክላስተር ከመነሻው በየ12 ሰዓቱ ቅጂ ያስቀምጣል። የፖስትግሬሱን ዳታ ደግሞ በየምሽቱ በሬስቲክ አመስጥረው ወደ ክላውድ ይላኩ፤ የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ ለደካማ መስመር ይመቻል።

ኩበርኔቲስ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ እያንዳንዱም ለ14 ወር ገደማ ይደገፋል። ስለዚህ በዓመት ቢያንስ አንድ የማሻሻያ ወቅት በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይያዙ። ቨርዥን ሳይዘሉ አንድ በአንድ ከፍ ያድርጉ፤ ባክአፕ ሳይወስዱ አይጀምሩ። የኬ3ኤስ ሰርተፊኬቶች ለ1 ዓመት የሚያገለግሉና ጊዜያቸው ሲቃረብ ኬ3ኤስ ሲነሣ የሚታደሱ በመሆናቸው፣ ለዓመት ሳይነካ የቆየ ቅርንጫፍ አንድ ጠዋት በድንገት ሊቆም ይችላል። የማሻሻያው ወቅት ይህንንም አብሮ ይፈታል።

ደረጃ 11፦ ፈተናው

ቅርንጫፉን ከማስረከብዎ በፊት እነዚህን በተራ ያድርጉ። የኢንተርኔቱን ገመድ ይንቀሉና አንድ ሽያጭ ይሽጡ። ገመዱ እንደተነቀለ የማሽኑን የኃይል ገመድ ይንቀሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ኃይሉን ብቻ ይመልሱ፤ ማንም ምንም ሳይነካ ስንት ደቂቃ ላይ መሸጥ እንደተቻለ ይመዝግቡ። ያለ መስመር አንድ ሙሉ ቀን ያሠሩት። በማግስቱ መስመሩን ይመልሱና የቅርንጫፉ የሽያጭ ብዛትና ድምር ከማዕከሉ ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። በመጨረሻ ከባክአፑ ላይ ሌላ ማሽን ያስነሡ፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከእነዚህ አንዱ ከወደቀ ቅርንጫፉን አያስረክቡ፤ ወደ ወደቀበት ደረጃ ይመለሱ። ይህን ፈተና በየስድስት ወሩ ይድገሙት፤ ውጤቱንም ለኃላፊዎችዎ በጽሑፍ ያቅርቡ። መስመር መቋረጡን እርስዎ ማስቀረት አይችሉም። ቅርንጫፉ ከመስመሩ ጋር አብሮ እንዳይቆም ማድረግ ግን የእርስዎ ሥራ ነው።